የዓርብ ዝናብ

መርማሪዋ ልጅ ሳለች በመስኮት ሥር ቁጭ ብላ የሰማችው ንግግር ነበር። አባቷ የትምህርት ቤት ጥበቃ ነበሩ፤ በግቢው የቆመውን የዝናብ መለኪያም ጠዋት ጠዋት እያነበቡ ይመዘግቡ ነበር። አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው መዝገቡን ገልጦ ጮኸባቸው። ምን እንዳለ ግማሹ ከአእምሮዋ ጠፍቷል። የቀራት «ይሄ የትናንት ነው፣ ስንቴ ልንገርዎት?» የሚለውና የአባቷ ዝምታ ነው። ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ከአርባ ዓመት በኋላ ወደ አንድ የዝናብ ምርምር ጣቢያ የተጠራችው እሑድ ጠዋት ነው። ስለ ጎርፍ ሊያጠና ለሦስት ወር የመጣ ሰው ቅዳሜ ቀትር ላይ በሩ በተዘጋው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በደረጃው ግርጌ ሞቶ ተገኝቷል። አናቱ ከኋላ በብረት ተመትቷል። ጨርቁን ገልጣ ስታየው በሹክሹክታ ነፍስ ይማር አለች፤ ከዚያ ወደ ሚስቱ ሄደች።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቅዳሜና እሑድን ከባሏ ጋር ልታሳልፍ ብትመጣ በእንግዳ ክፍል ፖሊስ ቆሞባት አደረች። የሰፋችለት ጃኬት ጉልበቷ ላይ ነው።

«ዓርብ በአሥር ሰዓት ደውሎ፣ ‹ነይ፣ የምነግርሽ የሚያበግን ነገር አለ› አለኝ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «መጣሁ። ሬሳውን አሳዩኝና ገዳይ አሉኝ። እንኳን ልገድለው፣ ተቆጥቼው እንኳ አላውቅም። አሁን ግን ሰው መግደል አምሮኛል።»

ፖሊሶቹ የያዟት በዝናቡ መዝገብ ነው። በቅዳሜ መስመር ላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ አሥራ አራት ሚሊሜትር ተብሎ ተጽፏል። የጣቢያው ቴክኒሻን በሌለችበት መለኪያውን የሚያነበው ሟች ስለነበር፣ በሦስት ሰዓት በሕይወት ነበር ማለት ነው። ሚስቱ በሦስት ተኩል ደርሳ ብቻዋን ግቢውን ስትዞር ቆየች፤ ከዚያ አጣሁት ብላ እስከ ቀትር ከጥበቃው ጋር ተቀመጠች። የጣቢያው ዳይሬክተር ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ለስብሰባ ከተማ ወርዶ ነበር። ቴክኒሻኗም ከሐሙስ ጀምሮ እናቷ ዘንድ ነበረች። ሁለቱም ቅዳሜ ቀትር ላይ በዳይሬክተሩ መኪና አብረው ተመለሱ። ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሟችና ቴክኒሻኗ ሳይቀራረቡ እንዳልቀሩ፣ ሚስትም ይህን ሰምታ እንደሚሆን ለፖሊስ ሹክ ብሏል።

ቴክኒሻኗ ይህን ስትሰማ ፊቷ ደም መሰለ። እንደ ወንድሟ እንደነበር፣ የተቆጣትም አንድ ቀን የመለኪያውን ውሃ ሳትደፋ ስትቀር ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ስለ መዝገቡ ስትጠየቅ ግን ኮንትራቷን የሚፈርመው ዳይሬክተሩ መሆኑን ብቻ ተናገረች።

ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። ዓርብ ማታ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ እንደዘነበ፣ ቅዳሜ ግን ጠብ እንዳላለ ነገሯት። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሟችና ዳይሬክተሩ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሰምተዋል። ሟች «ሁለት ቀን አይደለም፣ አንድ ቀን ነው!» ይል ነበር።

«ለምን ለፖሊስ አልነገሩም፣ አባባ?»

«ሁለት ቀን እረፍት ጠይቄ ነበር፣ ልጄ። በእኔ የሚከራከሩ መስሎኝ ተቀይሜው ነበር።»

መርማሪዋ መዝገቡን ይዛ ለብቻዋ ተቀመጠች። ሐሙስ ተሞልቷል። ዓርብ ባዶ ነው። ቅዳሜ አሥራ አራት። ባዶዋን መስመር ስታይ «ይሄ የትናንት ነው» የሚለው ጩኸት ትዝ አላት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በዳይሬክተሩ ቢሮ ሰበሰበች። እሱ ሰዓቱን እያየ ነበር።

«ዶክተር፣ ይህ አሥራ አራት የየትኛው ቀን ዝናብ ነው?»

«የቅዳሜ። ተጽፎ የለም እንዴ?»

«ቅዳሜ አልዘነበም።»

«ቅዳሜ ጠዋት ተለካ፣ ቅዳሜ ላይ ተጻፈ። ይሄ ለሕፃን አይጠፋም።»

ቴክኒሻኗ አንገቷን ደፋች። መርማሪዋ ወደ እሷ ዞረች። «አንቺ ብትሆኚ የት ትጽፊው ነበር?»

ባዶዋን መስመር በጣቷ ነካች። «ዓርብ ላይ» አለች። «ጠዋት የምንለካው ያለፈውን ቀን ውሃ ነው። የሚጻፈው በትናንቱ መስመር ነው። ዓርብ ባዶ የሆነው ቅዳሜ ጠዋትን ሲጠብቅ ነው።»

«ስለዚህ ይህን የጻፈው ሟች አይደለም» አለች መርማሪዋ። «ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልሳተም። የጻፈው ሰው፣ ሟች ቅዳሜ በሕይወት እንዲመስል የሚፈልግ ነው፤ ያም ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ያልነበረ ሰው ነው። ቴክኒሻኗ ደንቡን ታውቃለች፤ ሬሳው ከተገኘ በኋላም ከአባባ ጎን አልተለየችም። ፖሊስ ልጥራ ብለው በመለኪያው በኩል አልፈው መዝገቡ ወዳለበት ቢሮ ብቻዎን የገቡት እርስዎ ነዎት።»

ከሟች ቦርሳ ያገኘችውን፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጽፎ ሳይልከው የቀረውን ደብዳቤ አነበበች። የዳይሬክተሩ ጥናት የመዝገቡን ቀኖች በአንድ ቀን አዛብቶ አንብቧቸው ነበር። በታችኛው ወንዝ ዳር ያሉ ሰዎች፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ ጎርፉ እስኪደርስ ሁለት ቀን አላችሁ የተባሉት በዚያ ጥናት ነው። ያላቸው አንድ ቀን ነው። አምና አሥራ አንድ ሰው ገና ጊዜ አለን እንዳለ ውሃ ወስዶታል።

«ዓርብ ጥናትዎ ስህተት ነው አለዎት» አለች። «የቱ ጋ እንደተሳሳቱ እንኳ ሳይጠይቁ መቱት። ቢጠይቁት ኖሮ መዝገቡን ሲያስመስሉ ያንኑ ስህተት አይደግሙትም ነበር።»

«የሃያ ዓመት ሥራዬን ሊያፈርስ...» አለ ዳይሬክተሩ። ከዚያ ወደ ቴክኒሻኗ ዞሮ «ኮንትራትሽ በሚመጣው ወር ያልቃል» አላት።

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው። መርማሪዋ አባቷን አሰበች። የጮኸባቸው ሰው ልክ ነበር። አርባ ዓመት የተቆጣችው በማን እንደሆነ ግራ ገባት።

መስኮቱ ላይ ደመና ከብዷል። ሚስት ተነሥታ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አነሣችና ጠዋት ሙሉ በክፉ ዓይን ስታያት በነበረችው ቴክኒሻን እጅ ላይ አኖረችው።

«እኔ ሰፊ ነኝ፣ ይሄ አይገባኝም» አለች። «አንቺ ይገባሻል፣ እህቴ። ዛሬም ሊዘንብ ነው።»

ቴክኒሻኗ በሩን አየች፤ ዳይሬክተሩ የወጣበትን። ከዚያ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበች።

«ወንዝ ዳር ላሉት አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ» አለች። «ደብዳቤውንም በባልሽ ስም እልከዋለሁ። ፍርድ ቤት መዝገቡን የማነበውም እኔ ነኝ።»