የሮዲዮን ልክ

ሮዲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስፌት ክፍላችን ሲመጣ እጆቹን ዘርግቶ ቆመና፣ «የምትለኪኝ ለሠርግ ነው ለቀብር?» አለኝ።

«ለሰማይ ነው። ዝም ብለህ ቁም፤ አታስቀኝ» አልኩት።

ከሞስኮ ወጣ ባለች መንደር፣ አየር በሚሳሳበት ከፍታ ለሚበሩ አብራሪዎች በአየር ግፊት የሚጠብቅ ልብስ እንሰፋ ነበር። ልብሱ ገላን ግጥም አድርጎ ካልያዘ እዚያ ላይ ሰው ይሞታል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሚቆረጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ልኬቱ የበረዶውን ወራት ሙሉ ቀጠለ። ደረቱን ስለካ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሳላስበው እኔም እይዛለሁ። ወዴት እንደሚበር መጠየቅ ክልክል ነበር። ሌላ የምለው ሳጣ ምሳዬን አካፍለው ጀመር፤ እናቴ ያስተማረችኝን ፒሮግ፣ ጎመን የተሞላ ዳቦ።

በረዶው ሲቀልጥ ልብሱ አልዘጋ አለው።

አለቃችን ክላቭዲያ ዛካሮቭና ሆዱን መታ መታ አድርጋ፣ «ታያ! አብራሪ ብንሰጥሽ ድብ አድርገሽ መለስሽልን!» ብላ ጮኸች።

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ሮዲዮን ግን ፊቱ ገረጣ። ልብሱ ካልሆነው ሌላ ሰው ይተካል፤ እሱ መሬት ይቀራል። እኔ ጋ ይቀራል።

ሌሎቹ ሲወጡ ጠጋ አለኝ። «ታያዬ፣ ጎኑን ፈትተሽ ብትቀይሪው አይሆንም?»

አይሆንም ካልኩት ያምነኛል። ዓይኖቹ ግን እኔን አልፈው መስኮቱን ያያሉ። እንዲህ የሚያይን ሰው አስቀርቼ ምን ላደርገው ነው?

«ይሆናል» አልኩት። «ከእንግዲህ ግን ፒሮግ የለም።»

«ስመለስስ?»

«ስትመለስ ምድጃ ሙሉ።»

ጎኑን ፈትቼ አዲስ ጨርቅ ቆረጥኩለት፤ በልኩ፣ ሳላጠብብ ሳላሰፋ። በሄደበት ጠዋት፣ መንገደኛ ከመነሳቱ በፊት እንደምናደርገው፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አብረን ዝም ብለን ተቀመጥን። ትከሻው ትከሻዬን ነክቶ ነበር። ቀድሞ ተነሳ።

የግቢው ፖም አብቦ ረገፈ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከስፌት መኪናዬ ቀና እላለሁ።

አንድ ቀን የገባችው ክላቭዲያ ዛካሮቭና ነበረች። አጠገቤ ተቀመጠች። «የአውሮፕላኑ ሞተር ነው የከዳው አሉ፣ ልጄ። ልብሱ እስከ መጨረሻው ጸንቷል። ስፌትሽ አንድም ቦታ አልተተረተረም።»

«ታዲያ ለምን አልመጣም?» አልኳት።