ስልሳ አንድ ኪሎ ድንች

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምሮበት ከተገኘ ለተራኪው የከተማው አየር ይቋረጥበት! ምስክር ካስፈለገም የማርስ ሕዝብ በሙሉ ይጠራ።

በማርስ ሸለቆ፣ በመስታወት ጣራ ሥር በተቆረቆረችው ቆላማ ከተማ፣ በሮች ሰው ከማስገባታቸው በፊት ትንፋሹን ይቆጥራሉ። ያን ጠዋት የመዝገብ ቤቱ በር የአቶ ድልነሳውን ትንፋሽ ሦስት ጊዜ ቆጥሮ ሦስቴም ተምታታበት። ሰውየው እንደዚያ ያለከልክ ነበር።

ድልነሳው የአየር ቧንቧ ጠጋኝ ነው። አንዴ የተሰነጠቀ ቧንቧ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ግማሽ ከተማ ሁለት ቀን አስተንፍሷል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚኮራው ግን በዘሩ ነበር። «እኔ እኮ የዘለቀ ጓንጉል አምስተኛ ትውልድ ነኝ!» ሲል ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ዘለቀ ማለት ከመጀመሪያው መርከብ ወርዶ ቀዩን አፈር ቀድሞ የረገጠው፣ ሐውልቱ አደባባይ ላይ የቆመለት ሰው ነው።

ጉዱ የፈላው ልጁ ትርሲት ልታገባ ስትል ነው። ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ፣ ሙሽራው ናሁሰናይ፣ ያ ዝምተኛ ልጅ፣ ማኅተም ያለበት የዘለቀ ስድስተኛ ትውልድ ሆኖ ቁጭ! ደም እንዳይመረመር የማርስ ጨረር የሁሉንም ደም አዛብቶታል። ያለው መዝገብ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ዘመዳሞች ናቸው፤ ሰርጉ ይቅር» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«አባዬ፣ እሑድ ደርሷል» አለች ትርሲት። «ወይ አፍህን ሰብስብ፣ ወይ ሰርጌን በትን።»

ድልነሳው ሠላሳ ዓመት የነፋውን ፊኛ ራሱ ሊያስተነፍስ ያን ጠዋት መዝገብ ቤት መጣ።

መዝገብ ጠባቂዋ ወይዘሮ ዝማም የተሳፋሪዎቹን መዝገብ «አንባቢው» ውስጥ አስገባች። አንባቢው ከተቃጠለ ገጽ ላይ የጠፋ ቀለም በብርሃን የሚለቅም፣ ዝሆን የሚያክል ማሽን ነው። ሁለት ገጽ አንብቦ ሳለ አቃሰተና ቀጥ አለ።

«ማቀዝቀዣው ታፈነ» አለች።

«ለእኔ ይተዉት!» ብሎ መሣሪያውን ከኪሱ መዘዘ።

«ደግሞ ነገ ማሽኑን ከጥንቱም የሠራሁት እኔ ነኝ እንዳይሉ» አለች ዝማም።

ድልነሳው እስከ ወገቡ የማሽኑ ሆድ ውስጥ ገባ። ቧንቧውን ሲፈታ፣ ሲያጥብ ቆየ። ዝማም ውጭ ከአንዲት ሴት ጋር ስትንሾካሾክ ሰምቷል፤ ግን በዚያ ጭንቀት ማን ልብ ይላል? ሲወጣ ማሽኑ እንደ ድመት እያንኮራፋ ነበር። ዝማም ወረቀት ዘረጋችለት።

«አንደኛ መርከብ። ጭነት፦ ድንች፣ ስልሳ አንድ ኪሎ። ይተነፍሳል።»

«ድንች ይተነፍሳል እንዴ?»

«ተደብቆ የተሳፈረ ሰው ነው። አዛዡ ቢያገኘው ወደ ጠፈር ይወረውረዋል። አርባዎቹ ተሳፋሪዎች ድንች ነው ብለው አስመዘገቡት፤ ከየራሳቸው አየር እየቀነሱም አካፈሉት። የእርስዎ ዘር ከዚያ ነው።»

ድልነሳው ሳቀ፤ ከዚያም አለቀሰ። የዘለቀ ልጅ አይደለም! ልጁ ታገባለች!

ሽማግሌዎቹ ፊት እስኪደርስ አርባዎቹ ተሳፋሪዎች በእሱ አፍ አራት መቶ ሆነው ነበር። ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ስቀው መረቁት።

እሑድ፣ ሰርጉ እንደ ደመቀ፣ ድልነሳው አሁንም አላረፈም። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ያወራል። «ሰኞ አመለክታለሁ! ከዘለቀ ጎን ለድንቹም ሐውልት ይቆማል! ከዘለቀ በአንድ ክንድ ይበልጣል!»

ዝማም እጅጌውን ያዝ አድርጋ ወደ ጥግ ወሰደችው።

«አያመልክቱ፣ አቶ ድልነሳው» አለች ቀስ ብላ። «በመጀመሪያው መርከብ ድንች የሚባል አልተጫነም። የእርስዎ ሰው የመጡት በዘጠነኛው ነው። ቲኬት ቆርጠው፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው። ማሽኑ ሳይታፈን ያነበበውን እውነተኛውን ወረቀት ሽማግሌዎቹ ከእርስዎ ቀድመው ከእኔ ወስደዋል።»

ድልነሳው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ... ለምን?»

«እርስዎ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ሳሉ ልጅዎ መጥታ፣ አባቴ በሰርጌ ቀን አንገቱን አይድፋ ብላ ለመነችኝ። ድንቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ‹ይተነፍሳል› የሚለውን የጨመረችው እሷ ናት።»