የአሰልጣኝ መስዑድ የመጨረሻ ልምምድ

የኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ መስዑድ ሬሳው ከጂምናዚየሙ በታች ባለው ሐይቅ ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ በተገኘበት ጠዋት፣ ከቡድኑ ሁሉ አብልጣ የፈራችው አምበሏ ሪሃብ ነበረች። አፏ ነው ጉድ ያደረጋት። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ መስዑድን ለዋና አሰልጣኝነት እንደጠራው የተሰማ ዕለት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ኮች፣ ጥለኸን ከሄድህ እገድልሃለሁ!» ብላ ጮኻበታለች። ያን ቀን ሁሉም ሳቀ። አሁን የሚስቅ የለም።

ኢንስፔክተር የብርጓል ወደ ጂምናዚየሙ ሲገቡ ሪሃብ አፏ አሁንም ቀደማት።

«ይቅርታ፣ በውጭ ጫማ ሜዳው አይረገጥም። በሜዳ ጫማም ውጭ አይወጣም። ኮች ይቆጣል… ይቆጣ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ጫማቸውን አውልቀው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ገደልሽው?»

«እኔ? ኧረ በአላህ! እኔ በረሮ እንኳ… በረሮስ ገድያለሁ፤ ሰው ግን አልገደልሁም!»

«ማታ ከልምምድ በኋላስ?»

«በባጃጅ ዓባይ ማዶ፣ ቤቴ ሄድሁ። ኮችና ምክትሉ እዚሁ ቀሩ። ያስሩኛል እንዴ?»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻቸውን ከድነው ተነሱ። ሪሃብ ከዚህ መጠበቅ እስሩ ሳይሻል አይቀርም ብላ አሰበች።

ምክትል አሰልጣኙ አምባቸው ከጎንደር የመጣው በዚህ ዓመት ነው፤ መስዑድ ሲሄድ ቦታው የእሱ እንደሚሆን ተነግሮታል። ዐይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ኮች የመውጫው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ነፋስ ልቀበል ብሎ ወደ ሐይቁ ወረደ። አንሸራቶት ድንጋይ መትቶት ይሆናል።»

«ሲያስር አየኸው?»

«በዐይኔ በብረቱ!»

ጥበቃው ጋሽ ምናሴ ደግሞ በአጭሩ ነበር የመለሱት። «እኔ የዋናው በር ነኝ። በሐይቁ በኩል ያለው በር ቁልፉ በሁለቱ አሰልጣኞች እጅ ብቻ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ሬሳውን አይተው፣ የመስዑድን ቤት ጎብኝተው ከሰዓት ተመለሱ። የመስዑድን እኅት ሸሪፋን ይዘዋል። እሷን፣ ሪሃብን፣ አምባቸውንና ጋሽ ምናሴን ሜዳው ዳር ሰበሰቡ። ሪሃብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ወይዘሮ ሸሪፋ፣ ወንድምዎ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ጠባሳ አለ።»

«ለክለብ ሲጫወት ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ነው ማሠልጠን የያዘ፤ መጀመሪያ የሠፈር ልጆች፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ እዚህ። ጉልበቱ አይታጠፍም። ተጫዋቾቼ እንዳያዝኑልኝ ብሎ ይደብቀው ነበር።»

«ጫማውን እንዴት ያደርጋል?»

«ክሩን እኔ አላልቼ አንዴ አስርለታለሁ። እሱ ሳይፈታው፣ ቆሞ በጫማ ማንኪያ እግሩን ያስገባል።»

«እውነት ነው!» አለች ሪሃብ፣ ሳታስበው። «ቀድሜ የመጣሁ ቀን አይቼዋለሁ። ለሰው ከነገርሽ ቤንች ላይ ነው የምትከርሚው አለኝ!»

«ሬሳው ላይ ግን ክሩ ጥርቅም ተደርጎ፣ በድርብ ቋጠሮ ታስሯል» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ስለዚህ ያሰረለት ሌላ ሰው ነው። ለምን? መስዑድ እዚህ ውስጥ፣ በሜዳ ጫማው ሞተ። በዚያ ጫማ ሐይቁ ዳር ቢገኝ ማንም ተጫዋች አያምንም። ደንቡን የሚያውቅ የቡድኑ ሰው ጫማውን ቀየረለት። ጉልበቱን ግን አያውቅም፤ ሪሃብ ብትሆን ክሩን አትነካውም ነበር። የሐይቁን በር በያዘው ቁልፍ ከፍቶ አወጣው። ጭራሽ ሲያስር በዐይኔ አየሁት አለኝ።»

ሁሉም ወደ አምባቸው ዞሩ።

«እኔ ምን ጎደለብኝና?» አለ፤ ድምፁ ግን ተሰብሯል። «ቦታው የኔው ነበር!»

«ነበር» አለች ሸሪፋ። «ትናንት ጠዋት አልሄድም ብሎኛል። ልጆቹ አለቀሱብኝ፣ ያቺ ሪሃብማ እገድልሃለሁ ብላኛለች እያለ ሳቀ። ለአምባቸው ማታ እነግረዋለሁ አለ።»

አምባቸው ፊቱን ሸፈነ። «እየሳቀ ነገረኝ… ገፈተርሁት። የቅርጫቱ ምሰሶ መታው። ልገድለው አልነበረም።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ሪሃብን የሚያያት አልነበረም፤ ነፃ ናት። ከወለሉ ግን አልተነሳችም።

«እትዬ ሸሪፋ… አትሂድ ባልለው ኖሮ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ይኖር ነበር።»

ሸሪፋ ነጠላዋን ሰበሰበች። ከዚያ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እኔም አትሂድ ብየዋለሁ» አለች።