ካሎያን የነቀለው ካርድ

ካሎያንን የወደድኩት ያለቀ ሥራውን ከግድግዳ ላይ ሲነቅል ነው። ከዚያ በፊት ያናድደኝ ነበር።

ፕሎቭዲቭ ከተማ ያለው መሥሪያ ቤታችን በሽተኞች ቤታቸው ሆነው በደም ሥር መድኃኒት የሚወስዱበትን ፓምፕ የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ይሠራል። እኔ የአጠቃቀም መመሪያ ጸሐፊ ነኝ። ፕሮግራመሮቹ በየሁለት ሳምንቱ የሶፍትዌሩን አንድ ክፍል ይጨርሳሉ፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ፊት ቆመው የሥራ ካርዶቻቸውን «የተጀመረ» ከሚለው ወደ «ያለቀ» ያሻግራሉ። እኔ የምጠራው ካለቀ በኋላ ነበር፤ ያኔ ደግሞ የሚሰማኝ የለም። ስለዚህ አንድ ጠዋት አይብ ያለበት ቂጣዬን፣ ባኒትሳዬን፣ እየገመጥኩ፣ ሳልጠራ መሃላቸው ቆምኩ።

«ራሊትሳ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?» አሉ የቡድኑ መሪ ጋሽ ስታመን። «ገና ምንም አላለቀም እኮ።»

«ሳያልቅ ልድረስ ብዬ ነው።»

ሳቁ። «እሺ፣ ይህን ዙር ሞክሪ። ካልጠቀምሽን ወደ ላይኛው ፎቅሽ ትመለሻለሽ።»

ላይኛው ፎቅ ማለት ሌሎች የወሰኑትን በቃላት ማሳመር ነው። መመለስ አልፈለግኩም።

ወንበሬን ካሎያን አጠገብ ጎተትኩ። የፓምፑን ማቆሚያ የሚሠራው እሱ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ የሚውል።

«ይኼ ፓምፑን ለማቆም ለምንድነው ሁለቴ የሚጠይቀው? በሽተኛው መነጽሩን ባያገኝስ? ቢደነግጥስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ጥያቄሽ አያልቅም?»

«መልስ ስታገኝለት ያልቃል።»

እሱ እየሠራ እኔ መመሪያውን ጻፍኩ። ማቆሚያው ብቻ አንድ ሙሉ ገጽ ፈጀ፤ ባሳጥረው ባሳጥረው አልሆን አለኝ። ካርዱን «ያለቀ» ሥር በለጠፈበት ቀን ገጹን ፊቱ ዘረጋሁና ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ያዝኩት።

«ይኼኛው እጅህ መርፌ አለበት እንበል፤ እንዳታንቀሳቅሰው። ክንድህ እያበጠ ነው። አንብብና አቁመው።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አነበበ፤ በቀኝ እጁ የሙከራ ፓምፑን ነካ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና አነበበ። እጁ ከእጄ ሥር ሲያልበው ይሰማኛል። ፓምፑ መንጠባጠቡን ቀጠለ። ቀና ብሎ አየኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ቆመው ሳሉ ካርዱን ነቅሎ «የተጀመረ» ሥር መለሰው።

«ምን ነካህ?» ጮኹ ጋሽ ስታመን። «ሐሙስ እኮ ለሆስፒታሉ እናሳያለን!»

«እሷ በአንድ መስመር ልትጽፈው እስክትችል አላለቀም።»

ከዚያም ተቀምጦ ለማቆሚያው የሠራውን ሁሉ አጠፋና ከመጀመሪያው ጀመረ። ፕሮግራመር ለሥራው እንደ እናቱ ስም ሲሟገት ብዙ አይቻለሁ። በገዛ እጁ የሚያፈርስ ግን አይቼ አላውቅም። ሰው ለማድነቅ የማልቸኩለው እኔ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሐሙስ ከሆስፒታሉ የመጡት ሲስተር ፔንካ አንድ እጃቸውን፣ መርፌ እንዳለበት፣ ወደ ኋላ አድርገው ፓምፑ ፊት ቆሙ። የኔ ገጽ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ቀዩን ቁልፍ ተጭነው ይቆዩ።»

ፓምፑ ቆመ።

«በቃ?» አሉ ሲስተር ፔንካ።

«በቃ» አልን እኔና ካሎያን እኩል።

ጋሽ ስታመን አገጫቸውን አከኩ። «ራሊትሳ፣ ዕቃሽን ከላይኛው ፎቅ አውርጂ።»

ሰዉ ሲበተን ካሎያን በአዲስ ካርድ ላይ ከስሙ ቀጥሎ የኔን ስም ጻፈ። ከዚያ ዞር አለ።

«ቅዳሜ ኮረብታው ላይ እንውጣ? ወይስ ወንዙ ዳር ይሻልሻል? ግን... ትመጫለሽ?»

«አንተ ልጅ፣ ጥያቄህ አያልቅም?»

«መልስ ስታገኚለት ያልቃል።»

ግራ እጁን ያዝኩት። በዚህኛው ጊዜ እንዳያንቀሳቅሰው አልከለከልኩትም።