ከርሞስ?

እኔ ስፈጠር መቀመጥ የሚባል ነገር አልተሰጠኝም። እናቴ «ቅብጥብጧ» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ሐኪም ፊት ተቀምጬ እንኳ እግሬ ወለሉን ይደበድባል። ስለዚህ ያ ሰው ገና ከመጀመሪያው ያለኝ ነገር ቢያናድደኝ አይፈረድብኝም።

«አትቁነጥነጪ» አለኝ።

መነጽር ሠሪ ነው። ከቤት ስወጣም ቤት ሰው ሲመጣም ማስክ ስለማላወልቅ ትንፋሼ መነጽሬን ጭጋግ እያለበሰ አላሳይ ሲለኝ፣ እንዲያስተካክልልኝ ሱቁ ገባሁ። «አንተም ማስክ አድርግ» ስለው «ለምን?» ሳይል አደረገ። ከዚያ ማስመሪያውን ይዞ በዐይኖቼ መካከል ያለውን ርቀት ሊለካ ጎንበስ አለ።

«ወዴት ልይ?»

«ዐይኔ ላይ።»

«ዐይንህ ላይ ምን አለ?»

«አሁን አንቺ አለሽ። ዝም በይ እንጂ፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ!»

ነገር በዐይን ይገባል ይባል የለ? ገባ። መነጽሬን ልወስድ ተመለስኩ። «አፍንጫዬን ይጫነኛል» ብዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ብሎኑን ራሴ አላልቼው ሄድኩ። ብሎኑን አየ፣ እኔን አየ፣ አጠበቀው። «ከሥራ በኋላ በእግር እንሂድ?» አለኝ።

በእግር መሄድ ለእኔ ነው የተፈጠረው። ቤት ውስጥ አንገናኝም፤ ሁልጊዜ ደጅ፣ ሁልጊዜ እየሄድን። አንድ ቀን ሆዴ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። እናቴ አንዱን ኩላሊቷን እንደሰጠችኝ፣ ሰውነቴ እንዳይገፋው ጠዋትና ማታ መድኃኒት እንደምውጥ፣ መድኃኒቱም በሽታ የመከላከል አቅሜን እንደሚያዳክመው። «ሌላውን ሰው ሁለት ቀን የሚያስተኛ ጉንፋን እኔን ይዞኝ ሊሄድ ይችላል» አልኩት። ይሸሻል ብዬ ጠበቅኩ።

«እንግዲያው በዚህ በኩል ሁኚ» አለና ቦታ ቀየረኝ። «ነፋሱ ከአንቺ ወደ እኔ ይንፈስ።»

ያን ቀን ወደድኩት። በቃ፣ ወደድኩት።

ጉድ የፈላው ቤት የመጣ ዕለት ነው። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ።»

«አብሮ ይስጠን። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስደሃል?»

ሳቀ። «እሷ ተከትባ የለ እንዴ? እኔን ደግሞ ጉንፋን አያውቀኝም።»

«ኩላሊቴን የሰጠኋት የማንም ማስነጠሻ እንድትሆን አይደለም!» አለችና በሩን ዘጋችበት።

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተከትዬው ወጣሁ።

«ክትባቱ ለአንተ እንደሚሠራው ለእኔ አይሠራም! መድኃኒቱ ሰውነቴን አስተኝቶታል፤ መርፌው ሲቀሰቅሰው በግማሽ ልቡ ነው የሚነሳው። የተነሳውም ቶሎ ይደክመዋል። ሐኪሜ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ያንቺ ክትባት ግማሹ የሚወጋው አጠገብሽ ባሉት ሰዎች ክንድ ላይ ነው።›»

ሳቁ ጠፋ። ጫማውን እያየ «መርፌ እፈራለሁ» አለ።

«ምን?»

«ሳየው እወድቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

ቀኑን ሙሉ የሰው ዐይን ሥር የሚውል ሰው መርፌ ይፈራል! ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። «አንተ መርፌ ትፈራለህ፤ እኔ ሞት እፈራለሁ። በል ምረጥ!» አልኩና ጥዬው ገባሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስልኬ ጸጥ አለ። አልጋዬን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ገፋሁ፤ መልሼ ወደ መስኮቱ ገፋሁ። መነጽሬን ወለወልኩ። ልደውል አነሳለሁ፤ ምን አባቴ ልለው ነው ብዬ አስቀምጣለሁ። እናቴ ይህን ሁሉ ታያለች።

«ተይው ልጄ። ሰው ለአንድ ጊዜ ደግ ነው።»

የምትለው ገብቶኛል። ኩላሊቱ የገባልኝ ዓመት ዘመድ አዝማድ ተሰልፎ ተከተበልኝ። በሁለተኛው ዓመት አጎቶቼ ሥራ በዛባቸው። በሦስተኛው አክስቴም ረሳች። የዘንድሮ ክትባት ደግሞ ለከርሞ አይሆንም፤ ኃይሉ ያልቃል፣ እንደገና መወጋት ነው። ያኔ የምንሰለፈው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን።

አንድ ጠዋት አጥሩ ተንኳኳ። በመስኮት ብቅ ስንል ቆሟል። እጅጌው እስከ ትከሻው ተሰብስቧል፣ ክንዱ ላይ ፕላስተር፣ ግንባሩ ላይ ደግሞ እንቁላል የሚያክል እብጠት።

«ክንድህ ይሁን፤ ግንባርህን ምን ነካው?» አለች እናቴ።

«ወድቄ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ አልሳቀችም። «መቼ ተወጋህ?»

«አሁን፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ገና ነህ። እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ያን ጊዜ ና።»

ሁለት ሳምንት! ለእኔ! እሱ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ አጥሩ ሥር ይቆማል፤ እኔ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ።

«ተቀመጪ እንጂ፣ አንገቴን አዞርሽው!»

«አንተ ቆመህ እንዴት ልቀመጥ?»

ቀኑ ሲደርስ እናቴ ራሷ በሩን ከፈተች። ግን አላሳለፈችውም። እጇን መቃኑ ላይ አድርጋ አየችው።

«ለዘንድሮ ደግ አደረግህ። ለአንድ ዓመትማ ማንም ይወጋል። ከርሞስ?»

ግንባሩን ዳበሰ። እኔ ከእናቴ ጀርባ ቆሜያለሁ። እባክህ፣ ቆንጆ ቃል ፈልገህ እንዳትዋሽ እያልኩ ነው በሆዴ።

«ከርሞም እፈራለሁ፣ እናቴ» አለ በመጨረሻ። «ሳልወድቅም አልቀርም። ግን እመጣለሁ።»

እናቴ እጇን ከመቃኑ አነሳች። «ግባ። ግንባርህን እንዳትመታ።»

ገባና ፊቴ ቆመ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከዐይኔ በታች አይቶኝ አያውቅም። ማስኬን አወለቅኩ። እሱ አፍጥጦ ቀረ። አፍንጫዬን በእጄ ሸፈንኩት።

«ምነው አፈጠጥክ? አስቀያሚ ነኝ?»

እጄን ቀስ አድርጎ አወረደው።

«አትቁነጥነጪ፤ ልይሽ።»

እናቴ ትመስክር፤ ያን ጊዜ አልተቁነጠነጥኩም። እሷ ግን ከጓዳ «ተያይታችሁ ስትጨርሱ መስኮቱን ክፈቱት፣ አየር ይግባ!» ብላ ጮኸች።

ይኸው ዘንድሮም ሦስታችን ለክትባት ሄድን። እናቴ ቀድማ ተወጋች፣ እኔ ቀጠልኩ። እሱ ተራው ሲደርስ ላብ አጠመቀው፤ ዐይኖቼን እያየ ክንዱን ሰጠ፤ ከዚያ ዝርግት አለ። አዲሷ ነርስ ደንግጣ መርፌዋን ጣለች።

«ወይኔ! ምን ሆነ? ባልሽ ነው?»

«አዎ» አልኳት፣ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ እያስተካከልኩ። «አትደንግጪ፤ በየዓመቱ ነው እንዲህ የሚያደርገው።»