የአባቴ ስምንት ጠርሙሶች

ጅግጅጋ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን አባቴን በገዛ ሳሎኑ አዋረድኩት። ያን ቀን ግን ያስተማርኩት ነበር የመሰለኝ።

ስድስት ዓመት ስኮትላንድ ቆይቻለሁ። የምግብ ኬሚስትሪ ተማርኩ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አንድ የውስኪ ፋብሪካ ውስጥ ለጎብኚዎች እየቀዳሁ ስለ ገብስ፣ ስለ ጭስና ስለ በርሜል አወራ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ከዲግሪዬ ይልቅ የሚከብደው ንቀቴ ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጣ ሻለቃ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ባለመስታወት ቡፌ አለ፤ በዚያ ቡፌ ውስጥ ስምንት የውስኪ ጠርሙሶች ተደርድረው ነበር። አንዳቸውም አልተከፈቱም። ከጓዶቹ በስጦታ የተቀበላቸው ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ውስኪውን ያያል፣ ቢራውን ይጠጣል፣ ይሄዳል።

«እንዴት ናቸው?» አለኝ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «አንቺ እንግዲህ ባለሙያ ነሽ።»

መስታወቱን ከፍቼ ከዳር እስከ ዳር አየኋቸው። «አባዬ፣ እነዚህ ሁሉ እኮ ብሌንድድ ናቸው።»

«ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«የማያውቅ ሰው የሚጠጣው ማለት ነው። ሲንግል ሞልት ከአንድ ፋብሪካ ብቻ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ ይወጣል። ይሄ ግን ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ርካሽ የስንዴና የበቆሎ አረቄ ይደፉበታል። ቅልቅል ነው።»

አባቴ መስታወቱን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

በሳምንቱ ቡፌው ባዶ ሆነ። ጠርሙሶቹን ለጎረቤት፣ ለፀጉር ቆራጩ፣ ለመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ አድሏቸዋል። በቦታቸው ሁለት ሲንግል ሞልት ገዝቶ አቆመና የእኔን ቃል ለመጣው ሁሉ እንደ ጦር ሰፈር መመሪያ ያነበንብ ጀመር። «ብሌንድድ የማያውቅ ሰው መጠጥ ነው!» ጓደኞቹም ተቀብለው አዛመቱት። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የከተማው ሹማምንት ሆቴል ገብተው ሲንግል ሞልት ያዝዙና ኮካ ይደፉበት ጀመር። እነሱን ናቅኳቸው። እነሱን እያዩ የሚሳለቁትን የእርዳታ ድርጅት ሰዎችም ናቅኳቸው። ጅግጅጋ ውስጥ የማልንቀው ነፋሱን ብቻ ነበር፤ እሱም አቧራ ዓይኔ ውስጥ እስኪጨምር ድረስ።

ሥራዬ የመጠጥ ውሃ መመርመር ነበር። ሸደር ባለው የስደተኞች ጣቢያ ለናሙና በወረድኩበት በመጀመሪያው ቀን አንድ ረጅም ሰውዬ ከፓምፑ ሥር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። የውሃ ቴክኒሻኑ ነው። ደሬሳ ይባላል።

«ሁለተኛው ጉድጓድ ጨው ጨምሯል» አለኝ ሰላም እንኳን ሳይለኝ።

«በምን አወቅክ?»

«በምላሴ።»

«ምላስ መሣሪያ አይደለም።»

«እሺ ዶክተር። መሣሪያሽ ሲነግርሽ ትነግሪኛለሽ።»

መሣሪያዬ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነገረኝ። ልክ ነበር። ይህን ለእሱ ለመንገር ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ስነግረው አልሳቀም፣ አልኮራም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሳምንት አንዴ ይበቃ የነበረው ናሙና ሦስት ጊዜ የሚያስፈልግ ሆነ።

ደሬሳ ያደገው አፍደም ነው። አባቱ ኦሮሞ፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ፤ እናቱ ሱማሌ። አባቱ አረቄ ይወድ ስለነበር እሱ መጠጥ አይቀምስም። ስለ ውስኪ ግን ይጠይቀኛል። ከሸደር ስንመለስ ከተማው መግቢያ ላይ ፋርቱን የምትባል የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት ጋ እንቆማለን። አንድ ቀን እኔ በእጄ እየለካሁ ስለ ብቅልና ስለ በርሜል ሳስረዳው ጣሳውን ይዞ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«ቆይ፣ ሲንግል ማለት አንድ በርሜል ነው?»

«አይደለም። የአንድ ፋብሪካ በርሜሎች ተቀላቅለው ነው።»

«እሱም ቅልቅል ነዋ!»

«እሱ ሌላ ነው» አልኩት።

«ስለዚህ ሲንግል ሞልት የአንድ መንጋ ወተት ነው። የአንድ ግመል አይደለም፣ የአንድ መንጋ። ብሌንድድ ደግሞ የፋርቱን ጀሪካን ነው። አይደል ፋርቱን?»

ፋርቱን ስለ ምን እንደምናወራ ባታውቅም ስሟ በከንቱ መነሳቱን አልወደደችም። «የእኔ ወተት ምን ሆነ?»

«ይቺ ዶክተር ቅልቅል አትወድም።»

«ወላሂ አታውቅም!» አለች ፋርቱን፤ ወደ እኔ ዞረች። «እህቴ ስሚ። የአንድ ሰው መንጋ ዛሬ ጨዋማ ቅጠል ይበላል፣ ወተቱ ጨው ይላል። ነገ ሌላ ይበላል፣ ሌላ ይላል። እኔ ከአምስት ሰው እቀበላለሁ። ዕቃውን በጭስ አጥናለሁ። እቀምሳለሁ። ከዚህ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ። ደንበኛዬ ትናንት የጠጣውን ዛሬም ያገኛል። አንቺ ትችያለሽ?»

አልችልም ነበር። ስኮትላንድም ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ አዛውንት አይቻለሁ፤ ከመቶ በርሜል እየቀመሱ ያንኑ ጣዕም ለዓመታት ይጠብቁታል። ፋብሪካው ውስጥ እንደ እሳቸው የሚከበር ሰው አልነበረም። ይህን እያወቅኩ ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ለንቀቴ አይመችማ።

ይልቁንስ የአባቴን ቡፌ ታሪክ ለደሬሳ እንደ ቀልድ አወራሁለት። የዘጋውን መስታወት፣ ያደላቸውን ጠርሙሶች። ሲስቅ ለማየት ነበር። አልሳቀም።

«ከማን ከማን የተሰጡት ነበሩ?»

«እኔ እንጃ። የሰጪውን ስምና ዓመቱን ከጀርባቸው በእስክሪብቶ ይጽፍባቸዋል። አንዱ የሻምበል ተሜ ነበር፤ ደገሀቡር አብረው የዘመቱ። ከሞቱ ብዙ ዓመታቸው ነው።»

«ሌላ ነገራቸው አለው?»

«የማን?»

«የተሜ። አባትሽ ጋ ፎቶ፣ ደብዳቤ ምናምን?»

አሰብኩ። «የለም።»

ደሬሳ ጣሳውን ለፋርቱን መለሰላት።

እንዲያገባኝ የጠየቅኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። «እዚህ ከተማ ውስጥ እኔን የሚችለኝ ማን አለ?» አልኩት፤ «ማመልከቻ ነው?» አለኝ። አባቴ ግን ለማመልከቻ ቀላል ሰው አልነበረም። ስለ አፍደም፣ ስለ ሐዲዱ፣ ስለ እናቱ ጠየቀኝና ከንፈሩን ወደ ጎን ጠመም አደረገ።

«ሽማግሌ ይላክ። ግን ብሌንድድ ይዘው እንዳይመጡ። የማያውቅ ሰው ልጄን አይወስድም።»

የገዛ ንግግሬ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥቶኝ አለፈ።

ለደሬሳ ነገርኩት። ጥሩ ሲንግል ሞልት ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፣ ማንም አያውቅም አልኩት።

«እኔ ሌላ ይዣለሁ» አለኝ።

«ምን ዓይነት?»

«ብሌንድድ።»

«ደሬሳ፣ ቀልድ አይደለም!»

«እየቀለድኩ አይደለም ሌትዬ።»

«አንተም ያው የማታውቅ ነህ» አልኩት። እስካሁን ድረስ ያ ቃል አፌ ውስጥ አለ። እሱ መፍቻውን አንስቶ ወደ ፓምፑ ሄደ። ለሁለት ሳምንት ሸደር አልወረድኩም፤ ናሙናውን ሌላ ሰው አመጣልኝ። ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ የሰማሁትም ከአባቴ ነው።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው የውሃ መጋዘኑ ኃላፊ ሐጂ ፋሩቅ ናቸው። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ጠርሙስ የያዘው ከኋላ የመጣው ሰው ነው፤ ሐጂ ከእሱ አንድ ወንበር ርቀው ተቀመጡ። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጌ አዳምጣለሁ። ልጅቱ እዚያ ክፍል እንደማትገባ የታወቀ ነው።

ሰላምታው፣ የአየሩ ነገር፣ የልጁ ጨዋነት ተራ በተራ ተነሳ። ከዚያ ጋዜጣው ሲቀደድ ሰማሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«ስጦታ ነው ሻለቃ» አሉ ሐጂ ፋሩቅ።

«ይሄ ለራዲያተር ነው የሚሆነው! ነግሬያችሁ የለ? ለተሥላሴ! ነይ ወደዚህ! ልጄ እዚያው አገሩ የተማረች ናት፤ እሷ ትንገራችሁ።»

ገባሁ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ወለሉን ያያሉ። አባቴ ጠርሙሱን አንገቱን ይዞ ልክ እንደ ተማረከ ሰው አቆመው።

«ንገሪያቸው። ብሌንድድ ምንድን ነው?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የፋርቱን ጀሪካን ታየኝ።

«አባዬ» አልኩት፣ «ያን ቀን ዋሽቼሃለሁ።»

«ምን?»

«ብሌንድድ የሚሠራው በፋብሪካው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ሰው ነው። የብዙ ፋብሪካ ውስኪ እየቀመሰ፣ ከስንዴው ጋር እያስማማ፣ ያንኑ ጣዕም ከዓመት ዓመት ይጠብቃል። ሲንግል ሞልት ከአንድ ቦታ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ በርሜል ተቀላቅሎ ነው። ልዩነታቸው ይሄው ነው። አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። ይህን አውቅ ነበር። ልንቅህ ስለፈለግኩ ደበቅኩብህ።»

በሰው ፊት ነው የተናገርኩት፤ አባቴም በሰው ፊት የሚመልስልኝ መሰለኝ። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ሊመልሰው ዞር ሲያደርገው ግን እጁ ቆመ።

ከጀርባው፣ በደበዘዘ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በራሱ የእጅ ጽሕፈት፦ «ከሻምበል ተሜ። ደገሀቡር፣ መስከረም 1993።»

መነጽሩን ፈለገ። ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ዳብሶት አለፈው።

«ከየት መጣ?» ድምፁ የሻለቃ አልነበረም።

ሐጂ ፋሩቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፀጉር ቆራጩ ለክርስትና ድግስ ሰጠው። የሕፃኑ አባት ለአለቃው ሰጠው። አለቃው ደገሀቡር ተዛወረ። ልጃችን አራት ጊዜ ተመላልሶ እዚያ አንድ ቡፌ ውስጥ አገኘው። በየቤቱ ቆሟል እንጂ ማንም አልከፈተውም።»

«ሰውዬው ዝም ብሎ ሰጠው?»

«የት! ሲንግል ሞልት ካላመጣህ አልለውጥም አለ። አስመጥቶ ለወጠው።» ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። «ሻለቃ፣ እኔ ስለ ጠርሙስ አልመሰክርም። ስለ ልጁ ግን እመሰክራለሁ።»

ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጥም። ቤተሰብ ይምከርበት ይባላል፣ ሌላ ቀጠሮ ይያዛል። አባቴም ይህን ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት። ከዚያ ተወው።

«ልጁ የት ነው ያለው?»

«ሻይ ቤቱ ጋ፣ መንገድ ማዶ።»

«ጥሩት።»

ደሬሳ ሲገባ አላየኝም፤ አቧራ የጠጣ ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ሲል ዓይኖቻችን ተገናኙ። ይቅርታ ልለው ፈለግኩ፤ አገጩን ትንሽ ነቀነቀልኝ። የሰማ ይመስል ነበር።

አባቴ ጠርሙሱን ከፈተው። ከሃያ ዓመት በላይ የቆየው ቡሽ ግማሹ ውስጥ ቀረ፤ በሻይ ማጥለያ አጠለለው። ለሐጂና ለደሬሳ ሻይ አስመጣ። ለራሱና ለእኔ ቀዳ።

«ምን ምን ይላል?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ ስኮትላንድ ውስጥ አርባ ቃል አስተምረውኛል። ቀመስኩት። አንዱም አልመጣልኝም።

«ሻምበል ተሜ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አልኩት።

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ማውራት የጀመረው ግን ወዲያው አልነበረም። መጀመሪያ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ ጠርሙሱን ጭኑ ላይ አጋደመ፣ ከአሮጌው ጽሑፍ ሥር፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ጻፈ፦

«ከደሬሳ። ጅግጅጋ፣ ጥር 2016።»