ሰርዋ ያልተናገረችው

አናጢው አጊማን ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ ሆስፒታል ገባ፤ በቀዶ ጥገናው ማግስት ሞተ። ገና ሳይቀበር የቴቺማን ከተማ ሰው ገዳዩን አውቆ ጨርሷል፦ ሚስቱ ሰርዋ ናት፣ በሾርባ መርዛው። ሐሜት መቼ ምርመራ ይፈልጋል! የሟቹ የእናት ወንድም ባዱም፣ በአገሩ ወግ ወራሹ እሱ ስለሆነ፣ ከቀብሩ ማግስት ከነልጇ ከቤት ሊያስወጣት ቆርጧል። ሰርዋ ግን አንዲት ቃል አልመለሰችም።

ኢንስፔክተር አፍሪዬ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቀዶ ሐኪሙ ነው።

«መርዝ ነው?»

«ቀዳዳ ነው። ትልቁ አንጀት ታችኛው ጫፉ ላይ ተበስቶ፣ ዓይነ ምድር ፈሶ ሆድ ዕቃው መግል ሞልቶት ነበር። የተበላሸውን ቆርጬ ጫፉን በሆዱ ቆዳ በኩል አወጣሁት፤ ሆዱንም በሞቀ የጨው ውሃ ደጋግሜ አጠብኩ። ሦስት ቀን ዘግይቶ መጣ እንጂ በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ይተርፍ ነበር።»

«ከመግሉ ሌላስ?»

«የጥሬ ዝንጅብል ቃጫ።»

ሰርዋን ያገኘቻት ማድቤት ነው። ወንፊቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ሾርባውን መቼ በላ?»

«ሐሙስ ማታ። እሱም ሁለት ማንኪያ፣ ሆዱን እንደያዘ። እኔና ልጄም በልተናል።»

«የሾርባውን ዝንጅብል ታጠልይዋለሽ?»

«ሳላጠልል አላቀርብም።»

«ታዲያ ይህን ለምን ለሰው አትናገሪም?»

ሰርዋ ወንፊቱን ከግድግዳው አውርዳ ማጠብ ጀመረች።

የሟቹ እናት እማማ ኮናዱ ግን አልደበቁም። «ሆዱ ደርቆበት ሐሙስ ጠዋት አንጀቱን በተወቀጠ ዝንጅብል ውሃ አጠብኩት፣ ልጄ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እኔው ነኝ የማጥበው። እዚህ አገር በጎማ ከታች ያልታጠበ ማን አለ?» በእጅ ተጨምቃ ውሃ የምትገፋውን የጎማ ፊኛ አሳዩ። «ጫፏ ቢሰነጠቅ የእስክሪብቶ ቀፎ አሰርኩላት።»

በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ከሰዓት አፍሪዬ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሕመሙ ከሾርባው በፊት ጀምሯል» አለች። «የሰርዋ ዝንጅብል የበሰለና የተጠለለ ነው፤ ሆዱ ውስጥ የተገኘው ጥሬ ነው። ቀዳዳውም ታች ነው። ጥሬ ዝንጅብል ከታች የገባው በማጠቢያው ጎማ ነው፤ አንጀቱን የበሳውም ቀፎው ነው።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ክፋት የለበትም፣ እማማ። ግን ሰርዋ አልገደለችውም።»

ባዱ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እማማ ኮናዱ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ልጄ ያውቅ ነበር?»

ሰርዋ ያን ጊዜ አለቀሰች። «ያውቅ ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው፣ ‹ያልፍልኛል፤ እናቴ ከሰማች ትሞትብኛለች፤ እንዳትነግሪያት› አለኝ።» ከዚያ ኢንስፔክተሯን አየቻት። «እኔ ብባረር ምን ነበረበት? አደራውን ጠብቄ ነበር። እርስዎ አፈረሱብኝ።»



እማማ ኮናዱ ከወንበራቸው ወርደው ሰርዋ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። ባዱ ሊያነሳቸው እጃቸውን ሲይዝ፦

«ይሄን እጅ አትንካው» አሉት።